የካብ ላይ ቲማቲም

ጂንካ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ተሻለች፣

ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበዪኝ። ባለፈው «ሁለት ገጽ ሙሉ ጤናዬን ስትጠይቅ ከርመህ ወሬውን ጥግ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት» ብለሽ ስለቀለድሽብኝ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቀው። እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ ወይ ላልሽው፣ ወፍሬያለሁ፤ የሳምራ እናት ሳልበላ ከደጃቸው አያስወጡኝም። ሥራ ቀይሬያለሁ ወይ ላልሽው፣ አልቀየርኩም። ያንኑ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ልጆቹም ያንኑ አይገባቸውም።

ቀን ቆርጣችኋል ወይ ላልሽው፣ አዎ ቆርጠናል። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ 19፣ ዳግማ ትንሣኤ እሑድ። እማዬ ያረፈች ጊዜ አንዴ አራዝመናል፤ የሳምራ አባት ከእንግዲህ አንድ ቀን አልጨምርም ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ግን ሌላ ነገር ይዘውብኛል። «አባትህ በሕይወት እያሉ ቃላቸውን ሳልሰማ ልጄን አሳልፌ አልሰጥም» ይላሉ። አባባ ደግሞ ከእኔ ጋር ቃል ከተነጋገሩ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ለሳምራ ቤተሰብ የትምህርት ቤቱን መምህራን ሽማግሌ አድርጌ ሳልነግራቸው መላኬን እንዳልረሱት አውቃለሁ። አሰላ ድረስ ሽማግሌ ለመለመን መንገዱ ረዝሞብኝ ነበር እንጂ ንቄያቸው አልነበረም።

ስልክ ብደውል አያነሱም። አንቺ ስታቀብያቸውም «ምርቃት በሽቦ አይላክም» አሉ ብለሽኛል። ዕድሜ ልኩን ፖስታ ቤት የሠራ ሰው ሌላ ምን ሊል! ስለዚህ ይኸው በፖስታ ጻፍኩ። ንገሪልኝ እትዬ። ለሰርጉ ይምጡልኝ አልልም፤ መንገዱ ለእሳቸው አይሆንም። ሁለት መስመር ምርቃት ብቻ ይላኩልኝ። ያለ እሱ ሰርጉ የለም።

ሌላው፣ ለእማዬ ተዝካር መጥቼ ስመለስ ከአባባ የዘር ፖስታዎች አንዱን ሰርቄ ነበር። ያንን በካቡ ላይ የሚሳበውን የቲማቲም ዘር። እዚህ ከተከራየሁት ቤት ጓሮ ዘርቼው በቅሏል። ወይ ንገሪያቸው፣ ወይ አትንገሪያቸው፤ አንቺ ታውቂበታለሽ።

ወንድምሽ ይበልጣል


አሰላ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይበልጣል፣

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ማለት ይህ ነው። ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ ከርመህ ሰርጉ ሲደርስ ምርቃት አምጡ! ይሁን፣ ደብዳቤህን አንብቤላቸዋለሁ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሳበቃ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እኔ ሞቼ ነው የባዳ ሽማግሌ የላከው?» አሉና ተነሥተው ወደ ካቡ ሄዱ።

ካቡማ አሁን የእሳቸው ቤት ሆኗል። ታስታውሰው እንደሆነ ከጓሮ የድንጋዩ ካብ አናት ላይ የተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ደርድረዋል። ቲማቲሙ ከዚያ እየተሳበ በድንጋዩ ላይ እስከ መሬት ይወርዳል። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ስለሚተፋው የጭላሎ ውርጭ አይነካውም ይላሉ። የሰፈሩን ድንች ሁሉ ኅዳር ላይ ውርጭ ጠብሶት የእሳቸው ቲማቲም ቅጠሉ እንኳ አልተቆረመደም። ለቲማቲሙ የሚያወሩትን ግማሹን ለእኔ ቢያወሩኝ ቤቱ ባልከበደኝ ነበር። እኔ እንደሆነ ቅጠሉ እጄን ስለሚያሳክከኝ አልጠጋውም፤ እሳቸውም አያስጠጉኝም። ሲበስል በሰሃን ያመጡልኛል፤ እበላለሁ። የማውቀው ይህንኑ ነው።

በስልክ ስለ ሳላቸው ጠይቀኸኝ ነበር። ያው ነው። ሐኪሙ ከብርድ ራቁ አላቸው፤ እሳቸው ገና ሳይነጋ ካቡ ሥር ናቸው። በዛብህን አይቼው እንደሆነም ጠይቀሃል። አየሁት። ከዲክሲስ ወደ ገበያ መጥቶ፣ ከነሚስቱ። የእማዬ ዓመት እስኪወጣ ጠብቀኝ ብዬው ስድስት ወር ጠበቀ፤ ከዚያ ሰለቸው። ሰላም አለኝ፤ እኔም ሰላም አልኩት። ሚስቱ መልካም ሴት ትመስላለች። ሁለተኛ ስለ እሱ አትጠይቀኝ።

ማምሻውን ግን ሳይታሰብ፣ «ያ ጂንካ የሚሉት አገር ሙቀቱ ቲማቲም ይይዛል?» አሉኝ። እኔም ስለ ዘሩ ነገርኳቸው። ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ጀርባቸውን መታሁላቸው። ሳሉ ሲተዋቸው፣ «ሌባ» አሉ። ቁጣ አልነበረውም። እኔ ስሰማው ቁጣ አልነበረውም።

ጻፍ። እኔም መጎትጎቴን አልተውም።

ተሻለች


ጂንካ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

«ሌባ» የምትለዋን ቃል ለሳምራ ነገርኳት፤ ከሰው ሁሉ አባት የኔው ይበልጣል ብዬ ጉራ ነዛሁባት። ዓመት ሙሉ ከአባባ ያገኘኋት አንድ ቃል እሷ ናት።

በዛብህን በማንሳቴ ይቅር በዪኝ። አላነሳብሽም።

ቲማቲሙን ግን አንሺባቸው። አገር ሸፍኗል። ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ እስከ ማጀቱ በር ተስቧል፤ እኔም ካብ ስለሌለኝ መሬት ለመሬት ለቀቅኩት። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያምራል፤ አበባ ግን የለም። አንድም። የሳምራ አባት ሲያልፉ እያዩ፣ «ይህ አባትህ የላኩልህ ጎመን ነው?» ይሉኛል። አባባን ጠይቂልኝ፤ ምን ላድርገው? ስለ እኔ መናገር ካልፈለጉ ስለ ቲማቲሙ ይናገሩኝ፤ ከዚያ ምን እንዳሰቡልኝ ይገባኛል።

ምርቃቱ ከሆሣዕና በፊት እንዲደርሰኝ አድርጊ። የሳምራ አባት ቃሌ ቃል ነው ብለዋል፤ የአባቴን ድምፅ ሳይሰሙ ጥሪ ወረቀት አይበተንም። ሳምራ አታለቅስም፤ ያልተበተነውን ጥሪ ወረቀት እያወጣች ትቆጥራለች።

ትናንት ስደውልልሽ ስልክሽን አላነሣሽም። ምነው?

ይበልጣል


አሰላ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ይበልጣል፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ሳምራስ እንዴት ናት? አባቷስ? እናቷስ ደህና ናቸው? ትምህርት ቤቱስ? ልጆቹስ? አየሩስ ተስማማህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህ ያለን ሁሉ ደህና ነን።

ስልኬ ውኃ በርሜል ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል። ባይበላሽም ብርድ መቶኝ ድምፄ ስለተዘጋ አትሰማኝም ነበር። እስኪሠራ ድረስ እንጻጻፍ።

የጠየቅከው ደርሷል። አባባ መርቀውሃል። አሁን ጻፊ ብለው ያሉኝ ይህ ነው፦

«ልጄ ሽማግሌ ባይልከኝም ልጄ ነው። የሚያገባትም ልጄ ናት። ከበር እስከ ጓዳ ሰላም ይሁንላችሁ። የወለዳችሁት ይደግላችሁ፣ የዘራችሁት ይብቀልላችሁ፣ ደጃችሁ እንግዳ አይጣ። እኔ የምቀርበት ሰርግ ላይ እግዚአብሔር ይገኝበት። አሜን።»

ለሳምራ አባት እንዳለ አንብብላቸው።

ስለ ቲማቲሙ ደግሞ፣ በቅጠሉ ብብት የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ቀንጥበህ ጣለው፣ አንድ ግንድ ብቻ አስቀር፣ ያን ጊዜ ያፈራል ብለዋል።

ቀደም ሲል በስልክ ለሰርጉ ነይ ብለኸኝ ነበር። አባባን ትቼ መምጣት አይሆንልኝም። ቅር እንዳይልህ። በደስታ አግባ፤ ስለ እኛ ምንም አታስብ።

እህትህ ተሻለች


ጂንካ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ምርቃቱን ለሳምራ አባት አነበብኩላቸው። ቆመው ነው የሰሙት፤ ሲያበቃ ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። ጥሪው ተበትኗል።

ቲማቲሙን እንደተባልኩት ቀንጥቤዋለሁ። አንድም ቀንበጥ አላስቀረሁም።

ስልኩን ለማሠራት አትቸኩዪ። ለሰርጉ ባትመጪ ቅር አይለኝም፤ እንዲያውም እንዳትመጪ። እህል ትበያለሽ? በደንብ ብዪ። ማታ ማታ ብቻሽን አትሁኚ፤ ፈይሩዛን እባክሽ እደሪልኝ በያት፤ ጎረቤት ለዚህ ነው።

ወንድምሽ ይበልጣል


አሰላ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይበልጣል፣

አሁን ሰላምታ የምጽፍበት አንጀት የለኝም። እግዚአብሔር ያጽናህ። እኔንም ያጽናኝ።

መርዶው ስለተነገረህ ልጽፈው እችላለሁ። አባባ ያረፉት መጋቢት 11፣ ሐሙስ ነው። ሳንባቸው ነው። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር፣ በስልክም እንደማይነገር ታውቃለህ፤ እኛ ቤት ሰው ጎሕ ሲቀድ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ይዞህ ነው የሚነግርህ። ብነግርህ ሰርጉ ይቀር ነበር። እማዬ ስትሞት አንዴ ቀርቷል። የእኔም በዚያው ቀርቷል። አንድ ቤት ስንት ሰርግ በለቅሶ ይቀበራል ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አስማልኩ። ቄሱንም ጭምር። እንደሻውን ለምኜ፣ የአገራችን ሰው ነህ፣ እዚያው ጂንካ ነው የምትሠራው፣ መልሱ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ይዘህ ሂድልኝ አልኩት። አንተ በሰርግህ ማግስት የሳምራ ቤት መልስ ስትበላ እኔ እዚህ የአባባን አርባ አወጣሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ «ልጁስ?» ይላል፤ «ይደርሳል» እላለሁ።

ይህን ሁሉ ያደረግኩት ላንተ ነው፤ ምስጋና አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ትነግረኛለህ።

እንደሻው በፈይሩዛ ስልክ ደውሎ ነገረኝ። ባለፈው ሰኞ ንጋት ላይ ደጃፍህ ደረሱ። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትክላቸው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰሃል፣ ነጠላህን አዘቅዝቀሃል፣ ፍራሹ መሬት ወርዷል፣ ሳምራም ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። «ግቡ፣ ስጠብቃችሁ ነው» አልካቸው። እንደሻው ሽማግሌ ሰው ነው፣ ብዙ መርዶ አርድቷል፤ «ለተረዳ ሰው መርዶ ስነግር የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ።

ማን ነገረህ? ፈይሩዛ ናት ብዬ ተጣልቻታለሁ፤ በቁርኣን ምላ አልነገርኩትም ትለኛለች፤ አላመንኳትም። ያንን ደብዳቤህን መልሼ መላልሼ አነበብኩት። «ማታ ማታ ብቻሽን አትሁኚ» ትላለህ። አባባ ያለበት ቤት ምን ብቸኝነት አለ? ያኔ ታውቅ ነበር? ከሰርጉ በፊት?

ሐሙስ ትደርሳለህ ብዬ ዳግመኛ ድንኳን አስተከልኩ። ጎረቤቱ ሁለት ቀን ተቀምጦልህ ተበተነ። ድንኳኑን ለብቻዬ አስነቀልኩ። ለምን አልመጣህም?

ተሻለች


ጂንካ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ፈይሩዛን ይቅርታ ጠይቂያት። ማንም አልነገረኝም። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።

ልጅ ሳለሁ አባባ ካቡ ሥር ጎንበስ ብለው ውኃ ሲያጠጡ፣ እኔ የቲማቲሙ ሽታ ጣቴ ላይ ሲቀር ደስ ስለሚለኝ፣ ከቅጠሉ ብብት የወጣች ለጋ ቀንበጥ ቀጨም አድርጌ አሸተትኩ። ያንን የፖስታ ቤት ማስመሪያቸውን ይዘው ነበርና ጣቴን መቱኝ። አባባ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትተውኝ አያውቁም። «በእንጨት የሚቆመው ሌላ ነው፤ እሱ ይቀነጠባል። የሚሳበው ፍሬውን የሚይዘው በዚህ በጎኑ ቀንበጥ ነው። ይህን የቀነጠበ ቲማቲሙን ገደለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ካቡ ሥር የምቆመው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነበር። አንቺ አላየሽም፤ እጅሽን ስለሚያሳክክሽ ወደዚያ ጓሮ አትመጪም ነበር።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት መምህራን ክፍል ውስጥ ነው። ምርቃቱን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለህ ብለው ጀርባዬን መቱኝ። ከዚያ ቀጥዬ የቲማቲሙን መስመር አነበብኩ። አባባ ይህን አይሉም እትዬ። ገደል ግባ ቢሉኝ ይሉኝ ይሆናል እንጂ የሚሳብ ቲማቲም ቀንጥብ አይሉም። እሳቸው ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ፍግ ስንት አደረግክበት?» ብለው ነው። ታዲያ ይህን ማን አለ? አባባ ካሉ ትጠይቂያቸው ነበር። ያልጠየቅሻቸው የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ገባኝ። ሰላምታሽ መርዘሙም፣ ስልኩም፣ ድምፅሽም ሁሉ ገባኝ።

በዚያው ቀን ልጠይቅሽ እችል ነበር። አልጠየቅኩሽም። ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ፤ ከነገርሽኝ ጥቁር እለብሳለሁ፤ ሳምራን አጣለሁ። ስለዚህ ቤቴ ሄጄ ጓሮ ወጣሁና ቀነጠብኩ። አንድ በአንድ ነው የቀነጠብኩት። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ። ካልቀነጠብኩ ማወቄ ነዋ! ከቀነጠብኩ ግን አባቱ ያዘዘውን የሚሠራ ልጅ ነኝ፤ አባቴም አለ። ጣቴ እስኪጠቁር ቀነጠብኩት።

ከዚያ ሰርጉ ደረሰ፣ ጨፈርኩ። እንደሻው ነግሮሽ ይሆናል። ቆንጆ ነው የጨፈርኩት። ለሳምራ የነገርኳት መልሱ ባለፈ ማታ ነው።

አሁን ለምን አልመጣህም ትይኛለሽ። በየትኛው ፊቴ? ሳያውቅ የጨፈረ ሰው መጥቶ ያለቅሳል፤ ሰውም ያዝንለታል። አውቆ የጨፈረስ?

የኔን ጥፋት አልሸሽም። ያንቺን ግን እነግርሻለሁ። ሞትን መደበቅ ልማዳችን ነው፤ በዚህ አልወቅስሽም። ምርቃት ግን ይፈበረካል? የሳምራ አባት ያንን ወረቀት መስታወት አስገብተው ሳሎናቸው ሰቅለውታል። የቲማቲሙን መስመር በመቀስ ቆርጬ አስቀርቼ ነው የሰጠኋቸው፤ ቁራጯ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። እሑድ እሑድ ምሳ ስንሄድ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስነብቡኛል። «እኔ የምቀርበት ሰርግ ላይ እግዚአብሔር ይገኝበት።» ቆሜ የእህቴን ውሸት አነባለሁ። እንዲህ ያለ አሳማሪ መሆንሽን አላውቅም ነበር።

ቲማቲሙ፣ ማወቅ ከፈለግሽ፣ አንድ ግንድ ሆኖ ደርቋል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አባባ ስለ እኔ ምን ብለው ሞቱ? ረግመውኝም ከሆነ ንገሪኝ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ሁለተኛ አታሳምሪልኝ።

ይበልጣል


አሰላ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይበልጣል፣

ከፈይሩዛ ታርቄያለሁ። ይህን የምጽፈው እሷ ቤት ሆኜ ነው፤ የኛ ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል።

እውነቱን ጠይቀሃል፤ ይኸው። ማክሰኞ መጋቢት 9 ማምሻውን አባባ ጋቢ ለብሰው ካቡ ሥር ተቀምጠው ነበር። ግቡ ብላቸው ድንጋዩ ይሞቀኛል አሉ። ያንን «ጎመን» የተባልክበትን ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ስለ ቲማቲሙ ያለውን ድገሚልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያ «ወረቀት አምጪና አሁን ጻፊ» አሉኝ። ምርቃቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ ተናገሩት፤ ደግሞ መልሼ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። «ደጃችሁ እንግዳ አይጣ» የምትለዋን ዘልዬ ኖሮ አስጨመሩኝ። «እኔ የምቀርበት ሰርግ» ሲሉ ደንግጬ፣ «ምን ማለትዎ ነው፣ ለምን ይቀራሉ?» አልኳቸው፤ «የፖስታ ሥራ የተባልሽውን ማድረስ ነው፣ መጠየቅ አይደለም» አሉኝ። ከምርቃቱ ውስጥ አንድ ቃል የኔ የለበትም።

ቲማቲሙስ ምን ልበለው አልኳቸው። «እሱን አስቤ ነገ እነግርሻለሁ። ፍግ ስንት እንዳደረገበት እንኳ አልጻፈም፣ ይህ ሌባ» አሉ። በማግስቱ ጧት መናገር አቃታቸው። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ሐሙስ አረፉ።

አሁን ይህን ስታነብ ምን እንደምትል አውቃለሁ። የፍጉን ነገር ከእኔው ደብዳቤ ወስዳ ነው ትላለህ። ልክ ነህ፣ እንዲያ ይመስላል። ያ ያስጻፉኝ ወረቀት እጄ ላይ አለ፤ ልልክልህ አስቤ ተውኩት። በእኔ እጅ ጽሕፈት ነው የተጻፈው፤ ለምን ማስረጃ ይሆናል? ካቡ ሥር እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ምስክር የለኝም።

ከቀብር መልስ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ፣ ወረቀቱን አወጣሁት። ምርቃቱ አለ፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ስለ ቲማቲም ጠይቀህ ነበር። አባባ ስለ ቲማቲም ተጠይቀው ዝም አይሉም፤ መልስ ሳይኖረው ብልከው ይጠረጥራል አልኩ። ቱፋን ታስታውሰዋለህ፣ ከአርቦዬ ቲማቲም እያመጣ ገበያ የሚሸጠውን። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄጄ ጠየቅኩት። ቅጠል ብቻ ሆኖ እንቢ ያለ ቲማቲም ምን ይደረጋል? «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ ከብብቱ የሚወጣውን ቀንጥቢው፣ አንድ ግንድ አስቀሪ» አለኝ። ምስኪን፣ የእሱ ቲማቲም በእንጨት የሚቆመው ነው። እኔ የሚቆምና የሚሳብ መለየት የት አውቄ! ጻፍኩት። አባባ ብለዋል አልኩ።

ስልኬ ውኃ ውስጥ አልወደቀም፤ ዋሸሁህ። ድምፄን የዘጋው ብርድ አልነበረም፤ ዋሸሁህ። እዚህ ያለን ሁሉ ደህና ነን ብዬም ዋሸሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደኝ። ግን አብሮኝ የሚሸከም ሰው እንዳለ አላወቅኩም ነበር። አንተ አውቀህ ዝም አልከኝ። እኔ አርባውን ሳወጣ፣ ለሰው ሁሉ «ይደርሳል» ስል፣ አንተ ጂንካ ቁጭ ብለህ «በደንብ ብዪ» ትለኛለህ። ያኔ ይህ የቲማቲም ነገር የአባባ አይደለም፣ አባባ የሉም ወይ ብለህ ጽፈህልኝ ቢሆን፣ አዎ የሉም፣ ምርቃቱ ግን የእሳቸው ነው እልህ ነበር። ያኔ ታምነኝ ነበር። ሰርጉን ትተወው አትተወው እንደ ልብህ፤ ግን ተመርቀህ ትጨፍር ነበር። አሁን ብነግርህም አሳማሪ ነሽ ትለኛለህ። ስድቡ አልከፋኝም፤ የከፋኝ ለአባባ ነው። ዓመት ሙሉ ኩራታቸውን ታግለው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ያወጡትን ቃል ልጃቸው የእህቴ ውሸት ነው ብሎ ቆሞ ያነበዋል።

ካቡ ላይ ያለውን አልነካሁትም። ማንም ሳይቀነጥበው እስከ መሬት ወርዶ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ። ቤት ውስጥ የሚበላው ስለሌለ ለፈይሩዛና ለሰፈሩ አደልኩት። አሁን ዝናብ ገብቷል፤ ቅጠሉ እየጠቆረ ነው። ከበሰሉት መርጬ ዘሩን አድርቄ፣ በአባባ አሮጌ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። እጄ እስካሁን ያሳክከኛል። እንዴት እንደሚዘራ ምንም አልጻፍኩበትም።

ና አልልህም። ከመጣህ ቁልፉ ፈይሩዛ ጋ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ ስለ ቲማቲሙ የጻፍኩልህ መስመር የኔ ናት። እሷን ቆርጠህ ቦርሳህ ውስጥ ይዘሃታል። የሰው ሳሎን ላይ የተሰቀለው የአባትህ ነው።

እህትህ ተሻለች